በዚህ ሰመር አንድ ተማሪ ተቀበሉ፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትገኙ ኢትዮጵያውያን የቢዝነስ ባለቤቶችና ባለሙያዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣

ጥምቀትን በቅርቡ አክብረን ስለ ሰመር ልጽፍላችሁ ነው። ብርዱ እንዲህ አጥንት እየሰበረ ስለ ሐምሌ ማውራት ለብዙዎቻችሁ ገና ነው። ግን የሰመር ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም ተማሪ ለጥቂት ሳምንታት ገብቶ ሥራ የሚለምድበት ቦታ፣ የሚያልቀው አሁን ነው። የሃይስኩል ልጆቻችን ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሥራ ፍለጋ ሲነሱ ቦታው ሁሉ ተይዟል። አብረዋቸው የሚማሩ ሌሎች ልጆች ጉዳያቸውን በጥርና በየካቲት ጨርሰዋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አነስተኛ የሂሳብና የታክስ ቢሮ አለኝ። ከእናንተ ውስጥ የማውቃችሁ ብዙ ናችሁ። የአንዳንዶቻችሁን ደረሰኝ የማገላብጠውም እኔው ነኝ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት በየሰመሩ የሃይስኩል ተማሪ ቢሮዬ ተቀብያለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያየሁትን ይዤ ነው፤ የምጠይቃችሁም አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚህ ሰመር አንድ ተማሪ ተቀበሉ። አንድ ልጅ፣ ለአምስት ወይም ለስድስት ሳምንት፣ ከእውነተኛ ሥራና ከደሞዝ ጋር።

ለምን እናንተን እንደምለምን ልንገራችሁ።

አገር ቤት ሥራ ለመቀጠር ሰው ያስፈልጋል እንል ነበር። እዚህ ስንመጣ ግን ለልጆቻችን የነገርናቸው ሌላ ነው። «አንተ ብቻ ጎብዝ፣ አሜሪካ ለጎበዝ ክፍት ነው» አልናቸው። መጎበዙ ይጠቅማል፣ እሱን አልክድም። ግን አስቡት፣ የ16 ዓመት ልጅ ሪዙሜው ላይ ምን ይጽፋል? የሥራ ልምድ የለው፣ ዲግሪ የለው። በዚህ ዕድሜ በር የሚከፍተው የሚያውቀው ሰው ነው። አባቱ የሕግ ቢሮ ያለው ልጅ የአባቱ ጓደኛ ቢሮ ይገባል። እናቷ ላብራቶሪ የምትመራ ልጅ እናቷ ስልክ ትደውልላታለች፣ አለቀ። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ወላጅ ለልጁ መደወሉ ያለ ነው። ግን የእኛ ልጆች ወላጆች ለማን ይደውሉ? እናት ነርሲንግ ሆም ሌሊት ታድራለች። አባት ኡበር ይነዳል ወይም ፓርኪንግ ይሠራል። ስልካቸው ውስጥ ያለው ቁጥር የዘመድና የዕቁብተኛ ነው።

የእኔም ልጅ በአንድ ወቅት አንድ ድርጅት ላወጣው የሰመር ቦታ አመልክቶ ነበር። ማስታወቂያው እንደወጣ፣ በዚያው ሳምንት ነው ያስገባው። ደውሎ ሲጠይቅ አንዲት ደግ ሠራተኛ እውነቱን ነገረችው። ቦታዎቹ የተያዙት ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ነው። ልጁ ስልኩን ዘግቶ ምንም አላለም። እኔም የምለው አልነበረኝም።

ለጎበዝ ክፍት የነበሩት በሮችም ቢሆኑ ሁልጊዜ የሚያስተማምኑ አይደሉም። ቤተስዳ የሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ኤንአይኤች፣ ለብዙ ዓመታት ሳይንስ የሚወዱ ተማሪዎችን በሰመር ሲቀበል ኖሯል። 17 ዓመት የሞላቸው የሃይስኩል ልጆችም ይገቡ ነበር። እ.ኤ.አ. የ2025ን የሰመር ፕሮግራም ግን ሰረዘው። አመልክተው መልስ ሲጠባበቁ የነበሩ ልጆች ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

አሁን ግን እኛም ሰው አለን። ፌንተን ስትሪት ላይ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ዲሲ ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው መንገድ ላይ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ፎልስ ቸርች ስካይላይን አካባቢ ብትዞሩ ሬስቶራንቱ፣ ግሮሰሪው፣ እንጀራ ጋጋሪው፣ የጉዞ ወኪሉ፣ የሆም ኬር ድርጅቱ፣ ፋርማሲው፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ጋራዡ የእኛው ነው። በየሆስፒታሉ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች አሉን። በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ኢንጂነሮች አሉን። ይህ ሁሉ በአንድ ትውልድ የተገነባ ነው፣ ትልቅ ነገር ነው። ለእነዚህ ልጆች የሚደወልለት ሰው እናንተ ናችሁ።

የኢንተርንሺፕ ጥቅሙ ምንድን ነው ለምትሉኝ፣ ቢሮዬ ከሠሩት መካከል የአንዷን ልጅ ነገር ላጫውታችሁ። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ነው የመጣችው። ሐምሌ ለእኛ ሥራ የታክስ ሰሞንን ያህል ባይሆንም ባዶ ወር አይደለም። የሁለተኛው ሩብ ዓመት የፔሮል፣ ማለትም የሠራተኞች ደሞዝ፣ ሪፖርት፣ ፎርም 941 የምንለው፣ እስከ ጁላይ 31 መግባት አለበት። ማራዘሚያ የጠየቁ ደንበኞችም እስከ ኦክቶበር 15 ያላለቀ ፋይል አላቸው። ልጅቷን የአንድ ሬስቶራንት የወጪ ደረሰኞች ከባንክ መግለጫው ጋር እንድታመሳክር አስቀመጥኳት። በቀለም እስክርቢቶ እያሰመረች ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። በሦስተኛው ቀን መጥታ «ይሄ የእንጀራ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ገብቷል መሰለኝ» አለችኝ። አየሁት፣ እውነቷን ነው። አንዴ በወረቀት፣ አንዴ በስልክ ፎቶ ተልኮ ሁለቱም ተመዝግበዋል።

«እንግዲያው ለባለቤቱ ደውለሽ አረጋግጪ» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ከጓደኞቿ ጋር ቀኑን ሙሉ የምትጻጻፍ ልጅ ለማታውቀው ትልቅ ሰው ደውላ አታውቅም። ያውም በአማርኛ። ቁጭ ብላ የምትለውን በላቲን ፊደል ወረቀት ላይ ጻፈች። «እንደምን አደሩ ጋሼ፣ ከሂሳብ ቢሮ ነው የምደውለው፣ ይቅርታ አንዴ ላስቸግርዎት።» እየደጋገመች አነበበችው። ከዚያ ደወለች። ሰውየው «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ጀመረና ከብዙ ምርቃት በኋላ ደረሰኙ አንድ እንደሆነ ነገራት። ነሐሴ ላይ ያለ ወረቀት ነበር የምትደውለው። ደንበኞቼም «ያቺ ልጅ የለችም?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

ኮሌጅ ስታመለክት የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍኩላት። ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ደረሰኙን፣ ስልኩን፣ አንድም ቀን አለማርፈዷን። መምህር ስለ ፈተና ውጤቷ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ነገር ሊጽፍላት የሚችለው አብሯት የሠራ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ እውነተኛ ሥራ ስጧቸው። ይህን አጥብቄ የምለው ልጅ ተቀብለው ሳጥን ሲያስነሱትና ስልኩን ሲያይ ሲያውሉት ስላየሁ ነው። ልጁ ከዚያ የሚወስደው ነገር የለም፣ ባለቤቱም «ኢንተርን አይጠቅምም» ብሎ ይደመድማል። ሥራ ሞልቷል። ሬስቶራንት ያላችሁ፣ የአንድ በያይነቱ ትክክለኛ ወጪ ስንት እንደሆነ በወረቀት አስልታችሁ ታውቃላችሁ? ምስሩ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ እንጀራው። አንድ ጎበዝ ልጅ ከደረሰኞቹና ከሚዛን ጋር ሁለት ሳምንት ብትሰጡት አስልቶ ያመጣላችኋል። የጤና ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያየው የፍሪጅ ሙቀት መዝገብስ? 41 ዲግሪ ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች መሆኑን በየቀኑ መመዝገብ ለልጅም የሚሆን ሥራ ነው፣ ለምን እንደሚያስፈልግ ካስረዳችሁት። ጉግል ላይ ያለው የመዝጊያ ሰዓታችሁ ካቻምና የነበረው ነው፣ ፎቶውም የደበዘዘ ነው። እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ከየትኛው ስቶር በየትኛው ቀን ስንት ሳይሸጥ እንደሚመለስ የሚጽፍ ሰው አላችሁ? አንድ ወር ቢጻፍ ምን ያህል እንጀራ በከንቱ እንደምትጋግሩ ታዩታላችሁ። ሆም ኬር ያላችሁ፣ የሠራተኞቹ የሥልጠና ወረቀትና የፈቃድ ቀን የሚያልፍባችሁ ተከታትሎ የሚያስታውስ ስለሌለ ነው።

አንድ ኃላፊ ይኑረው። ጠዋት ሲመጣ ማን ጋ እንደሚሄድ፣ ጥያቄ ሲኖረው ማንን እንደሚጠይቅ ይወቅ። ሲሳሳትም በሰው ፊት አትጩኹበት። እኛ ስንማር እየተቆጡን ነው የተማርነው። እነሱ ግን አንዴ ከተጮኸባቸው መጠየቅ ያቆማሉ፣ ሳይጠይቁ ደግሞ የባሰ ይሳሳታሉ።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት እሱን ነው። የሚያስፈራ አይደለም፣ ግን ማወቅ ግድ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከ14 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በኢንተርኔት ይሞላል፣ ወላጅና አሠሪ ይፈርሙበታል፣ አሠሪው ያስቀምጠዋል። ቨርጂኒያ ይህን የምትጠይቀው ለ14 እና ለ15 ዓመት ልጆች ነው። ዲሲም የራሷ ፈቃድ አላት። በፌዴራል ሕግ የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ ትምህርት ዝግ ሲሆን በቀን እስከ 8 ሰዓት፣ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መሥራት ይችላል። ከጁን 1 እስከ ሌበር ደይ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 9 ባለው ጊዜ ውስጥ መሆን አለበት።

ክትፎ ቤትና ሥጋ ቤት ያላችሁ፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምለው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሥጋ መፍጫና መቁረጫ እንዲነካ ሕጉ አይፈቅድም። ማጽዳትም ቢሆን። ትልቁ የሊጥ ማቡኪያ ማሽንም እንደዚያው ነው። «የራሴ ልጅ ነው» ማለት አያድንም፣ ሕጉ ለገዛ ልጅም ያው ነው። የ16 ዓመት ልጅ መንጃ ፈቃድ ስላለው ዴሊቨሪ አትላኩት። ጣት የቆረጠ ማሽን በኋላ ቢጸጸቱበት ምንም አይመልስም።

ደሞዝ ላይ እንምጣ። «ልምድ እሰጠዋለሁ፣ ገንዘብ ለምን?» የሚለውን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው የሕግ ነው። ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ያለ ክፍያ ኢንተርን ሊይዝ የሚችለው ከግንኙነቱ ይበልጥ የሚጠቀመው ተማሪው ሲሆን ነው። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚያየው በዚህ መመዘኛ ነው። የሠራተኛ ሥራ ካሠራችሁት ክፈሉት። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። በነፃ መሥራት የሚችለው ቤተሰቡ የተረፈው ልጅ ነው። የአውቶቡስ የሚከፍልለት፣ ምሳ የሚቋጠርለት፣ ቤት ኪራይ እንዲያግዝ የማይጠበቅበት። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ እንደዚያ አይደሉም። ያለ ክፍያ ካላችሁት ልጁ ፋስት ፉድ ሄዶ በርገር ይጠብሳል፣ አልፈርድበትም።

ሂሳቡን ሠርቼላችኋለሁ። በሳምንት 20 ሰዓት ለስድስት ሳምንት 120 ሰዓት ነው። ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ዝቅተኛው ደሞዝ በሰዓት 17.95 ዶላር ሆኖ ነበር። በዚያ ሲሰላ ጠቅላላው 2,154 ዶላር ይመጣል። በዚህ ላይ የአሠሪው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻ 7.65 በመቶ፣ ማለትም 165 ዶላር ገደማ፣ ይጨመርበታል። የሜሪላንድ ዝቅተኛ ደሞዝ 15 ዶላር ነው፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል። ደሞዙ የቢዝነስ ወጪ ነው፣ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ይቀነሳል። አንዳንዶቻችሁ ለአንድ ምሽት ዝግጅት ከዚህ በላይ እንደምታወጡ ከደረሰኞቻችሁ አውቃለሁ።

ዲሲ ውስጥ ላላችሁ ደግሞ ይህም ወጪ የለባችሁም። ከንቲባ ማሪዮን ባሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያስጀመሩት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የወጣቶች የሰመር ሥራ ፕሮግራም አለ። ከ14 እስከ 24 ዓመት የሆኑ የዲሲ ነዋሪዎችን ለስድስት ሳምንት ያሠራል። ደሞዛቸውን የሚከፍለው የከተማው መንግሥት ነው። ከአሠሪው የሚፈለገው መመዝገብ፣ የሥራውን ዝርዝር ማቅረብና ኃላፊ መመደብ ነው። ይህን ለደንበኞቼ ስነግራቸው ብዙዎቹ የሰሙት ገና ከእኔ ነው። በዚህ ከተማ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች በየሰመሩ በዚህ መንገድ ይሠራሉ፣ ግብር የምንከፍለው እኛም ነን፣ የእኛ ቤቶች ግን ከዝርዝሩ ውስጥ እምብዛም አይታዩም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ላላችሁ ደግሞ የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ሰመር ራይዝ የሚባል ፕሮግራም አላቸው። ወደ 11ኛና ወደ 12ኛ ክፍል የሚያልፉ ተማሪዎችን ከአሠሪዎች ጋር ያገናኛል። እዚያም ተቀባይ ድርጅት ሆናችሁ አስቀድማችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ።

የራሳችሁ ቢዝነስ የሌላችሁ፣ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ ይህ ደብዳቤ የእናንተም ነው። ሰው መቅጠር በእጃችሁ ላይሆን ይችላል። ግን መሥሪያ ቤታችሁ የሰመር ቦታ መቼ እንደሚያወጣ ከማንም ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ያን ቀን ለዕድራችሁ፣ ለቤተ ክርስቲያናችሁ፣ ለመስጊዳችሁ ቴሌግራም ላኩት። የአንድን ልጅ ሪዙሜ አንብቡለት። አለቃችሁን አስፈቅዳችሁ አንድ ቀን ልጁን ይዛችሁ ግቡ፣ ኢንጂነር ሲውል ምን እንደሚሠራ ይይ። ልጆቻችን ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ ኮምፒውተር ይላሉ፤ ሌላ ሙያ የሚሠራ ሐበሻ በቅርብ ስላላዩ ነው። የውሃ ፍሳሽ ኢንጂነሩ፣ የድምፅ ባለሙያው፣ የከተማ ፕላነሩ አሉ። ይታዩ።

ለወላጆችም አንድ ቃል። «ትምህርቱ ላይ ያተኩር፣ ሥራ በኋላ ይደርሳል» ትላላችሁ፣ ከፍቅር ነው። ግን ሰመር ሙሉ ቤት ቁጭ ብሎ ታናናሾቹን የሚጠብቅ ልጅም ትምህርቱ ላይ እያተኮረ አይደለም። ሴት ልጆቻችሁን በተለይ አስቡ። ወንዱ ሲወጣ እሷ ቤት እንድትቀር የምናደርግባቸው ቤቶች ዛሬም አሉ።

ወረቀታቸው በሂደት ላይ ያሉ ልጆችም አሉን፣ ስለ እነሱ ዝም ብለን እንዳናልፍ። የሥራ ፈቃድና ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ልጅ ተቀጥሮ መሥራት አይችልም፣ ማንም ሰው በእጁ እየከፈለ አደጋ ላይ እንዳይጥለው እለምናለሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ከሃይስኩል ለመመረቅ የሚያስፈልግ የ75 ሰዓት የአገልግሎት ግዴታ አለ። እነዚህ ልጆች ያንን ሰዓት ለትርፍ ባልቆሙ የኮሚኒቲ ድርጅቶች ሊሞሉት ይችላሉ። አረጋውያንን ፎርም በመሙላት መርዳት፣ ለአዲስ መጤዎች መተርጎም፣ ሕፃናትን ማስጠናት። ድርጅቶቹ ሰዓታቸው በትምህርት ቤቱ እንዲቆጠር አስቀድመው ይጠይቁ፣ ዝም ብሎ የተሠራ ሁሉ አይቆጠርም። እዚያም የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ሰው ያገኛሉ።

ለኮሚኒቲ ድርጅቶቻችን መሪዎች የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አንድ ዝርዝር ያዙ። በአንድ በኩል ተማሪ ለመቀበል ፈቃደኛ የሆነ ድርጅት፣ በሌላ በኩል ሥራ የሚፈልግ ተማሪ። ትልቅ ፕሮጀክት፣ ድግስና ስፖንሰር አያስፈልገውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጠረጴዛና ወረቀት ይዞ የሚቀመጥ አንድ ሰው ይበቃል። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ ሰው ከጠፋ እኔ እቀመጣለሁ። የፔሮሉን ወረቀት እንዴት እንደሚሞላ ለማያውቅ አሠሪም በነፃ አሳያለሁ። ተማሪ ለመቀበል ብሎ ለሚመጣ ሁሉ ይህን እስከ ሰኔ አደርገዋለሁ።

የእኔ ቢሮ ለዘንድሮ ሰመር አንድ ቦታ ከፍቷል። ሥራው ደረሰኝ ማመሳከር፣ ለደንበኛ መደወልና የፔሮል ሪፖርት ማዘጋጀት ነው። በሳምንት 20 ሰዓት፣ ከጁላይ መጀመሪያ እስከ ኦገስት አጋማሽ፣ ከክፍያ ጋር። እናንተም የእናንተን ቦታ እንዲህ በሁለት መስመር ጽፋችሁ እስከ የካቲት አጋማሽ በራችሁ ላይ ለጥፉት።

ከአክብሮት ጋር፣

በሲልቨር ስፕሪንግ የሂሳብ ባለሙያና የልጆች እናት
ጥር 2018 ዓ.ም.